የእራቱ ድስት ከአውድማው ይጀምራል

የገጠሩ ቤተሰብ ማታ ከእሳት ዳር ተሰብስቦ የሚበላው እራት የቤት ውስጥ ጉዳይ፣ የእናት ብቻ ጭንቀት ሆኖ ሲታይ ኖሯል። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ የማዳበሪያው አቅርቦት፣ የምርጥ ዘሩ ሥርጭት፣ የግብሩ አሰባሰብና የተፋሰሱ ሥራ በየተራ ይነሣሉ፤ የእራት ነገር ግን ሲነሣ አይሰማም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በጥሞና ሲታይ፣ በነሐሴ ማታ ከድስቱ የሚገባው ነገር የሚወሰነው በነሐሴ አይደለም። ከስድስት ወር በፊት በአውድማው ላይ ተወስኖ አልቋል። በዚያ ጊዜ የሚወስነው ደግሞ ወጡን የምትሠራው እናት ሳትሆን ኩንታሉን ወደ ገበያ የሚያወጣው አባወራ ነው።

ከአዳአ እስከ ምንጃር ሸንኮራ ባለው ጥቁር መሬት የሚታየው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በዚያ አካባቢ ዋናው ዝናም ሊያበቃ ሲቃረብ ሽምብራ ይዘራል፤ መሬቱ አምቆ በያዘው እርጥበት አድጎ ጥርና የካቲት ላይ ይሰበሰባል። በጊምቢቹ ደግሞ ምስር የታወቀ ሰብል ነው። አዝመራው ከአውድማ እንደተነሣ ኩንታሉ በአህያና በመኪና ወደ ገበያ ይጎርፋል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ዝቅ ይላል። ክረምቱ ሲገባ ጎታው ይጎድላል፤ ብዙ ቤት በበጋ በኩንታል የሸጠውን በክረምት በጣሳ መልሶ ይገዛል። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የሚከፈለው ከሕፃናቱ ገበታ ላይ ነው።

አርሶ አደሩ ይህን የሚያደርገው ቆጥቦ ማደር ጠፍቶት አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ ግብር ይጠብቀዋል፤ የልጆች ልብስ፣ የሰርግና የተዝካር ወጪ፣ የዕቁብና የእድር መዋጮ ተደራርበው የሚመጡት አዝመራ ሲሰበሰብ ነው። ስለዚህ አትሽጥ ብሎ መምከር ከንቱ ምክር ነው። የሚበጀው፣ ከመሸጥ በፊት ይሰፈር የሚለው ነው።

ስሌቱም ቀላል ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ለአንድ ማታ ወጥ ሩብ ኪሎ ሽሮ ቢፈጅ፣ በወር 7 ኪሎ ተኩል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የችግር ወቅት 31 ኪሎ ያህል፣ በዓመት ደግሞ 91 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሲቆላና ሲከካ የሚጎድለው ቢታከልበት እንኳ የአንድ ቤት የዓመት ሽሮ ከአንድ ኩንታል እምብዛም አይርቅም። ይህ አንድ ኩንታል ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት ባልና ሚስት ተማክረው «የእራት ኩንታል» ብለው ቢለዩት፣ ዕዳውም ሳይቀር ይከፈላል፣ ክረምቱም ያለ ብድር ያልፋል። በብዙ አካባቢ የመሬት ይዞታ ደብተሩ የባልንና የሚስትን ስም በጋራ ይዟል። መሬቱ የሁለቱ ከሆነ ምርቱ ሲሸጥም የሁለቱ ምክር ሊኖርበት ይገባል።

ለጥራጥሬው ይህን ያህል ቦታ መስጠት ከወጪ ቁጠባ በላይ የሆነ ምክንያት አለው። ደረቅ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይይዛሉ፤ ይህም ከጤፉና ከስንዴው እጥፍ ያህል ነው። እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 ከመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ሳያገኙ ቀርተው ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ቃል ገብቷል። ቃል ኪዳኑ በወረቀት ቢሰፍርም የሚፈጸመው በየጎጆው እራት ላይ ነው።

እርግጥ የተለየው ኩንታል ነቀዝ ከበላው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ጎተራ መግባት የለበትም። በአሁኑ ጊዜ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት በውስጡ የያዘ ባለ ሦስት ሽፋን ጆንያ በሥራ ላይ ውሏል፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ይሞታል። ይህን ጆንያ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በአንድነት ገዝቶ ቢያከፋፍል እያንዳንዱ አባል ለብቻው ከሚንከራተት ይሻላል። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው ክኒን ግን መርዝ ነው። የሚያወጣው ጭስ ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። መሪዎች ይህን በየስብሰባው ደጋግመው ማስገንዘብ ይኖርባቸዋል።

እህሉ በቤት ከዋለ ለወጪ የማያስቸግር እራት ማዘጋጀት ለገጠሯ እናት አዲስ ትምህርት አይሆንባትም። ሽሮው ቢሰለች የአተር ክክ አለ፤ ምስሩ ተቀቅሎ በሰናፍጭ ሲለወስ አዚፋ ይሆናል፤ ባቄላው ስልጆና እልበት ይወጣዋል፤ ሱፉና ተልባው የዘይት መግዣ ሳይጠይቅ ፍትፍት ይሆናል፤ ንፍሮው ለልጅም ለእንግዳም ይቀርባል። ተፈላጊ የሚሆነው ከዚህ ላይ መጨመር ያለበት ጥቂት ነገር ነው። ከጓሮ የተቆረጠ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም ከሽሮው ጎን ሲቀርብ ሰውነት በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት በተሻለ ሁኔታ ይጠቀምበታል። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ግን ይህንኑ ስለሚያስተጓጉል ከእራቱ ትንሽ ራቅ ቢል ይመረጣል። አዮዲን ያለበት ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጦ ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ጥቅሙ አይባክንም። ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ሁሉ ገበያ ከሚወጣ፣ ለሕፃኑ በሳምንት ጥቂት ቢቀርለት ከሸቀጥ ሱቅ ከሚመጣው ብስኩት የበለጠ ይገነባዋል።

በዚህ ረገድ አንድ ጥንቃቄ ሊሰመርበት ይገባል። ጓያ ድርቅንም ውሃ የተኛበትንም መሬት ችሎ ስለሚበቅል በክፉ ዘመን ብዙ ቤት ይዞ ያድራል። ነገር ግን ለተከታታይ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሕመሙም መድኃኒት የለውም። ጓያ ያለው ቤት ከሌላ እህል ጋር ደባልቆ በመጠኑ ቢጠቀም፣ ከመሥራቱም በፊት በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ቢደፋ ጉዳቱ ይቀንሳል። ሽሮ ሸጦ ጓያ የሚበላ ቤት ካለ መሪዎች ቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

የእራቱ ወጪ እህልና ጨው ብቻ አይደለም። ማገዶም ወጪ ነው፤ የሚከፈለው ግን በአብዛኛው በገንዘብ ሳይሆን በእናትና በልጃገረድ ጀርባ ነው። ባቄላና ሽምብራ ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ቶሎ ይበስላል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እንጀራ ሲጋገርበት በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፤ ከኋላው ባለው ማሳረፊያም በዚያው እሳት ወጥ ይሠራበታል። ጭሱ ሲቀንስ ዓይንና ሳንባ ያርፋል። ከሁሉም በላይ ግን ጊዜ ይተርፋል፤ ከማገዶ ለቀማ የተረፈ ጊዜ ደግሞ ለእጅ ሥራ ይውላል።

በገጠሩ ቤት የእጅ ሥራ የምሽት ወግ ነው። እራት ተበልቶ እሳቱ ገና ሳይዳፈን እናት እንዝርቷን ታሾራለች፤ ልጃገረዷ ሰፌዷን ወይም ሙዳይዋን ትሰፋለች፤ አባት ከቃጫ ገመድ ይገምዳል፣ የጅራፉን ጫፍ ያበጃል። አያት ተረት ሲጀምሩ የሕፃናቱ ዓይን ከእጃቸው ላይ ሳይነሣ ጆሯቸው ወደ አያት ይሆናል። ሕፃኑ ቁጥርን ከትምህርት ቤት በፊት የሚማረው በሌማቱ ላይ የአለላውን ጌጥ ሲቆጥር ነው። ይህን ደስታ ገንዘብ አይገዛውም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ውሃና እንጨት ስትሸከም የዋለች፣ እህል ስትፈጭ ያመሸች ሴት በኩራዝ ጭስ ስፌት ብትይዝ ሥራው ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሸክም ይሆንባታል። ወፍጮ፣ የውሃ ቦኖና የፀሐይ ኃይል ፋኖስ ለአንድ ቀበሌ ሲፈለጉ ከሚቆጠረው ጥቅማቸው መካከል ይህ የምሽት ዕረፍት አብሮ ሊቆጠር ይገባል።

የስፌቱ ነገር ሌላም ችግር ገጥሞታል። ስንደዶውና አክርማው የሚለቀመው ከግጦሹና ከወንዙ ዳር ነበር። የወል መሬቱ እየታረሰ ሲሄድ ሣሩም አብሮ ጠፋ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ሞሰብና ሰፌድ የሚሰፋው ከማዳበሪያ ከረጢት በተተረተረ የፕላስቲክ ክር ነው። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ ባገገመው ተፋሰስ ውስጥ ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል። አባሎች ለከብቶቻቸው ሣር አጭደው እንደሚወስዱ ሁሉ፣ ስፌት የሚሰፉ ሴቶችም በመስከረም ስንደዶና አክርማ የሚለቅሙበት ቀን ተለይቶ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቢገባ ለማኅበሩ አንዲት ሳንቲም አያስወጣውም።

ከዚህም ሌላ፣ የእራቱን ድስትና የእንጀራውን ምጣድ የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎች፣ ጋቢውን የሚሠራው ሸማኔ፣ ማረሻውን የሚያወጣው ቀጥቃጭ በብዙ መንደር ዛሬም በዝቅተኛ ዓይን ይታያሉ። በሠሩት ዕቃ እየበሉ፣ በሸመኑት ልብስ እየደመቁ እነርሱን ከድግስና ከጋብቻ ማግለል ትልቅ ነውር ነው። የአፈር ማውጫ ቦታ፣ የገበያ ጥግና በማኅበሩ ውስጥ ሙሉ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል። የእጅ ሥራን የሚያከብር መንደር አስቀድሞ ባለእጁን ያክብር።

እንግዲህ በአርሶ አደሩ አንደበት ዛሬም ገበሬ ማኅበር እየተባለ በሚጠራው ቀበሌና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ አመራር ላይ ያሉ ወገኖች በዚህ ጉዳይ ከባድ ኃላፊነት አለባቸው። ኃላፊነቱ ወጥ ማማሰል አይደለም። አዝመራው ከመሸጡ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ላይ ሚስቶችም ተገኝተው የእያንዳንዱ ቤት የእራት ኩንታል እንዲሰፈር ማድረግ፣ የነቀዝ መከላከያ ጆንያውን በወቅቱ ማቅረብ፣ የጓሮ አትክልት ዘርና የተሻሻለ ምድጃ አቅም ለሌለው ቤት እንዲደርስ ከልማት ሠራተኛውና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መመካከር፣ የስፌት ሣሩን መጠበቅ፣ ስብሰባውንም እናት ከእሳትና ከልጆቿ በማትለይበት ምሽት አለመጥራት ነው። ከእነዚህ አንዱም ከከተማ የሚመጣ ታላቅ በጀት አይጠብቅም።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዲሉ፣ ይህ ሥራ ጊዜ አለው። ጊዜውም ነጋዴው ሚዛኑን ይዞ ከአውድማው ከመድረሱ በፊት ነው። በየዓመቱ በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ለገበያ የወጣው ኩንታል ብዛት በጉልህ ይጻፋል። ከጎኑ ለእራት የቀረው ኩንታል ብዛትም ቢጻፍ፣ የማኅበሩ መሪ ሥራውን በነሐሴ ማታ በአባሎቹ ቤት ከሚጤሰው ጭስ ጋር ማመሳከር ይችላል። ድስቱ ከተጣደበት፣ ልጆቹ ጠግበው ተረት ከሚሰሙበት፣ እንዝርቱ ከሚሾርበት ቤት የወጣ ገበሬ በማግስቱ ለእርሻውም ለማኅበሩም ሥራ የበረታ ይሆናል።