ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው?

«ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ቢያሸንፍ ኖሮ» የሚለውን ቪዲዮ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። ኤአይ የሠራው ምስል ነው፤ ሹሩባው በነፋስ ይውለበለባል፣ ከኋላው መድፍ፣ ከመድፉ ኋላ ባቡር፣ ከባቡሩ ኋላ ሰማይ የነካ ፎቅ። ዘፈን ይገባበታል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ኢትዮጵያ ጃፓንን ቀድማ ታርፋለች። ከዚያ ኮሜንቱ ውስጥ ሌላ ጦርነት ይጀመራል። አይ፣ ዮሐንስ መተማ ላይ ባይወድቅ ኖሮ! አይ፣ ምኒልክ ከዐድዋ በኋላ መረብን ቢሻገር ኖሮ! አይ፣ የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ቢሳካ ኖሮ!

እኔ ከጨዋታው ጋር ጠብ የለኝም። «ቢሆን ኖሮ» ብሎ የማያስብ ሰው የሆነው ሁሉ መሆን የነበረበት ይመስለዋል፤ ያ ደግሞ የባሰ በሽታ ነው። ጠቤ ከአጨዋወታችን ጋር ነው። አንዱን ንጉሥ አንሥተን ሌላውን እንተካለን፣ የተሸነፈውን አሸናፊ እናደርጋለን፣ በቃ። ገበሬው፣ በሬው፣ እህሉና መንገዱ ባሉበት ይቀመጣሉ። ታሪክ የቀየርን ይመስለናል እንጂ የቀየርነው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ብቻ ነው።

የዚህ ጨዋታ ሊቃውንት አሜሪካኖች ናቸው። ጄኔራል ሊ እ.ኤ.አ. በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ቢያሸንፍስ? ኬኔዲ ዳላስ ላይ ባይገደልስ? ፊሊፕ ሮዝ የተባለው ደራሲያቸው እ.ኤ.አ. የ1940ውን ምርጫ ሩዝቬልት ተሸንፎ አብራሪው ሊንድበርግ ያሸነፈበትን ዓለም በልቦለድ ጽፏል። ግን እነሱም ዘንድ ጨዋታው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጺምና የጎራዴ ነው፤ ሊንከን ባይሞት ኖሮ ብሎ ተንፍሶ ይቀራል። ሁለተኛው ወደ ወረቀቱ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 1865 ጄኔራል ሸርማን ባወጣው ትእዛዝ በደቡብ ባሕር ዳርቻ ያለ መሬት ከባርነት ነፃ ለወጡ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው እስከ 40 ኤከር እንዲከፋፈል ተባለ። ሊንከን ሚያዝያ ላይ ተገደለ። የተተካው አንድሩ ጆንሰን ዓመቱ ሳይወጣ መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች እንዲመለስ አደረገ። እንግዲህ እውነተኛው «ቢሆን ኖሮ» እዚህ ጋ ነው፦ ያ መሬት ባይመለስ ኖሮ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ የት በነበሩ? ይሄ ጥያቄ ቪዲዮ አያሳምርም። መልሱ ግን ሀገር ይቀይራል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ፤ ቪዲዮው ወደማያሳየው መንገድ። ሴባስቶፖል የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነው። መቅደላ ደግሞ ከበሽሎ ማዶ ነው። በመካከል ያለው ጋይንት ነው፤ ከዚያ የጨጨሆ አቀበትና ቁልቁለት፣ ከዚያ ዘቢጥ፣ ዋድላ፣ የጅጣ ገደል፣ ደላንታ። ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ሲነሣ ጎማ ሊያስኬድ የሚችል መንገድ አልነበረም። መንገዱ እየተቆፈረ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ያነሣ ነበር፤ ይህን አልክድበትም፣ እንዲያውም አደንቀዋለሁ። ግን መድፉን የጎተቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸው ማን ነው? ያ ሁሉ ሰው ስድስት ወር ሙሉ ምን በላ? ከማን ጎተራ?

እስቲ ቪዲዮውን አምነን ጨዋታውን በሐቅ እንጫወተው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ቴዎድሮስ አሸነፈ እንበል። ናፒየር ዝሆኖቹን ይዞ ወደ ዙላ ተመለሰ። ደስ ይላል። በነጋታውስ? ትግራይ በካሳ ምርጫ እጅ ናት። ላስታ ዋግሹም ጎበዜ አለ። ሸዋ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ከመቅደላ ያመለጠው ምኒልክ ነግሦባታል። ቤጌምድር ራሷ ሸፍታለች፤ የሸፈተችውም ወታደሩ እህሏን ጠርጎ፣ ከብቷን ነድቶ፣ ቤቷን አቃጥሎ ስለጨረሰ ነው። ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጥላለች። ድል ያደረገው ሠራዊት ቀለብ ሊፈልግ ቢወጣ የት ይሄዳል? ያው ወደመጣበት፣ ወደ ጋይንት። የጋይንት ገበሬ ደግሞ እንግሊዝ ተሸነፈ ብሎ እልል አይልም፤ የቀረችውን ገብስ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብራል እንጂ።

ቴዎድሮስ የወደቀው መቅደላ ላይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የወደቀው ቀደም ብሎ፣ ወታደሩን ማን ይቀልብ የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ ነው። ሰውዬው ደግሞ ጥያቄው ገብቶት ነበር! ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ብሎ ያወጀ፣ ወታደሩ በገበሬ ቤት እየተመራ ከሚበላ ደመወዝ እንዲቆረጥለት የሞከረ ንጉሥ ነው። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለሚገብር ገበሬ ይሁን ብሎ ከካህናቱ ጋር የተጣላው እሱ ነው። በዚህ ጠብ ቤተ ክህነትን አጣ፤ ቤተ ክህነትን ሲያጣ አገሩን አጣ። ስለዚህ ፊልም ልሥራ የሚል ካለ ርእሱን ልስጠው፦ «የመሬቱ ሙግት ቢሳካ ኖሮ»። መድፍ የለበትም። አንድ ንጉሥ፣ ጥቂት ካህናትና አንድ የርስት ወሰን ብቻ።

ይህን ስል «ታድያ መሪ ዋጋ የለውም ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። ጆንሰን በአንድ ፊርማ የብዙ ሺህ ሰው መሬት ነጥቋል፤ መሪ ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? የኔ ነጥብ ፊርማውን ጠይቁ፣ ሹሩባውን ተዉት ነው። ማን ነገሠ ከማለት በፊት ምን ተፈረመ፣ ማን ከፈለ በሉ።

ለማነጻጸር አንቺምን ውሰዱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጋይንት ወደ ምሥራቅ፣ ደብረ ዘቢጥ አካባቢ፣ የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጥሞ ወደቀ። አውሮፕላን ከላይ ውግዘት የተጻፈበት ወረቀት በተነ፣ ቦምብም ጣለ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ የቀድሞ ባለቤቱ ንግሥት ዘውዲቱ አረፈች። በሰባት ወር ውስጥ ተፈሪ ዘውድ ጫነ። ሦስት ቀን የማይሞላ ጊዜ የአንድን አገር የሚቀጥሉ 44 ዓመታት ወሰነ ማለት ነው፤ ያውም በገዛ ደጃችን። «ጉግሣ ቢያሸንፍ ኖሮ» የሚል ቪዲዮ ግን አይቼ አላውቅም። የተሸነፈ መስፍን ለፖስተር አይመችማ!

ይህኛውንም በሐቅ እንጫወተው። ጉግሣ ቢያሸንፍ ዘውዲቱ ከሕመሟ አትድንም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ምናልባት ይዘገያል ወይም ይቀራል። ሙሶሊኒ ግን የሚመጣው ተፈሪ ስለነገሠ አይደለም፤ በ1928 ዓ.ም. መምጣቱ አይቀርም፤ እንዲያውም የተከፋፈለ አገር ያገኛል። ለስማዳና ለእስቴ ገባርስ? ግብሩ ያው ግብር፣ ድርጎው ያው ድርጎ። በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ከሁለቱም ወገን የሞቱት ሰዎች በመሬት ጉዳይ የሚለያያቸው ነገር አልነበረም። አንድ ጦርነት ማን ይንገሥ የሚለውን ወስኖ ሰው እንዴት ይኑር የሚለውን ሳይነካ እንደሚያልፍ ከአንቺም የበለጠ አስተማሪ የለም።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ላይ የምንጫወተውም ከዚህ አይለይም። ምርጫቸው በደረሰ ቁጥር ሌሊቱን ቁጭ ብለን እናድራለን፤ እገሌ ቢመረጥ ለዓባይ ግድብ፣ እገሌ ቢቀር ለማዕቀቡ እያልን። የድሮው ቅጂ ደግሞ ይኸውና፦ እ.ኤ.አ. በ1976 ካርተር ሳይሆን ፎርድ ቢያሸንፍ ኖሮ። ካርተር በየካቲት 1969 ዓ.ም. በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ ቀነሰ፤ ደርግ ወደ ሞስኮ ጠቅልሎ ዞረ፤ ሐምሌ ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ገባ። ፎርድ ቢሆን ኖሮ ምናልባት መሣሪያው አሜሪካ ሠራሽ ሆኖ ይቀጥል ነበር። እሺ። በዚያው ዓመት በእናት አገር ጥሪ ሞፈሩን ጥሎ ታጠቅ የገባው የገበሬ ልጅስ? እሱ በክላሽ ፈንታ ኤም ዋን ይዞ ይሄድ ነበር፤ ለውጡ ይኼው ነው። የዋይት ሀውስ ወንበር ሲቀየር ከእጁ የሚቀየረው የጠመንጃው አገር ነው፤ እሱ ከሞፈሩ መነጠሉ አይቀርም።

እንግዲህ እኔ ብጠየቅ በታሪካችን ትልቁ «ቢሆን ኖሮ» የንጉሥ አይደለም። የበሬ ነው። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ጣልያን በምጽዋ በኩል ባስገባቸው ከብቶች የመጣው የከብት ደስታ በሽታ የሀገሩን በሬ ጨረሰው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹ ተከተለ። ያ ነው ክፉ ቀን የምንለው። ገበሬው በእጁ ቆፈረ። ጣልያን የኤርትራን ደጋ ብዙም ሳይዋጋ የወጣው በዚያ ጊዜ ነው፤ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቋል፣ ረኀቡ አገሩን አድክሞታል። እነዚያ ከብቶች ከመርከብ ባይወርዱ ኖሮ! ስንት መንደር ባልጠፋ፣ መረብስ ዛሬ ድንበር በሆነ? ይሄን ጥያቄ ማንም በዘፈን አጅቦ አይለቀውም፤ በሬ ጎራዴ አይታጠቅም።

ይህ የታሪክ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ተረቱ እግር አለው። ነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 መኸር ባወጣው ዘገባ 16 የከተማዋ ሴቶች በታጣቂዎቹ የደረሰባቸውን ጥቃት ተናግረዋል፤ አብዛኞቹ በቡድን የተደፈሩ ናቸው። የዚያን ሰሞን የእኛ ገጾች ምን ይሉ ነበር? እገሌ በ2010 ሥልጣን ባይዝ ኖሮ፣ እገሌ ከመቀሌ ባይወጣ ኖሮ፣ ያ ንጉሥ ዛሬ ቢነሣ ኖሮ። በሁለቱም ወገን፣ በሁለቱም ቋንቋ። የሴቶቹ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ጤና ጣቢያው ባይዘረፍ ኖሮ፣ ሐኪም በጊዜ ቢደርስ ኖሮ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ፣ ሌላ ጀግና፣ ሌላ ፖስተር።

የንጉሥ «ቢሆን ኖሮ» መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስለዚህ እሱን የመሰለ ሰው እንፈልግ፣ ስለዚህ እንነሣ። ምልመላ ነው። ከኋላው ያለውን ፎቅ ያሳየሃል፣ ከፊቱ ያለውን የጨጨሆን ገደል አያሳይህም። መድፉን የሚጎትተው ግን አንተ ነህ እንጂ ቪዲዮውን የሠራው ልጅ አይደለም።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት ሴፍቲኔት የሚታደልባቸው ወረዳዎች ናቸው። ንጉሥ መጣ፣ ደርግ መጣ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ ፎቶው ተቀየረ፣ የተራቆተው ተዳፋት ግን እዚያው ነው። መሬት ላራሹ በ1967 ሲታወጅ አንድ ትልቅ ፊርማ ተፈረመ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ከዚያ በኋላ ያልተፈረሙት ፊርማዎች የትኞቹ ናቸው? እርከኑ በጊዜው ቢሠራ፣ ገበሬው መሬቱን ነገ እንደማይነጠቅ ቢያውቅ፣ ወታደር ባለፈ ቁጥር ጎተራው ባይራቆት ኖሮ፣ ስማዳ ዛሬ ምን ትመስል ነበር? ይኸውላችሁ፣ ለአንድ ትውልድ የሚበቃ «ቢሆን ኖሮ»።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ ቴዎድሮስን አትተዉት። ግን ካሜራውን ከሹሩባው ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ገመዱ ይታይ። ገመዱን የያዘው እጅ ይታይ። ከዚያ ያንን ሰውዬ ጠይቁት፦ አንተስ፣ ምን ቢሆን ኖሮ ትል ነበር?