እንገር እንግዴ ልጅ አይጠብቅም

ጥጃ የበሽታ መከላከያዋን ከማሕፀን ይዛ ስለምትወጣ፣ እንግዴ ልጁ እስኪወድቅ ድረስ እንገር ብትከለከል አትጎዳም የሚለውን የታተመ ምክር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህ ምክር ጥጃ ይገድላል።

ነገሩ ለሰው ልጅ ይሠራል፤ ፅንሱ የእናቱን አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል ይቀበላል። የላም እንግዴ ልጅ ግን አያሳልፍም። ጥጃዋ ባዶዋን ነው የምትወለደው፤ መከላከያዋ ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቷም አንቲቦዲውን እንዳለ የመምጠጥ አቅሙ በየሰዓቱ እየወረደ በ24 ሰዓት ገደማ ያበቃል። እንግዴ ልጁ ደግሞ ጤናማ በሆነች ላም እንኳ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ግማሹ ቀን በከንቱ አለፈ ማለት ነው!

ያረጀች ላም እንገር ረብ የለውም መባሉም ስሕተት ነው። ደጋግማ የወለደች ላም ብዙ በሽታ ስላየች፣ እንገሯ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያ ወላዷ ይበልጣል።

ጥጃ እያደገች ራሷን መከላከሏ እውነት ነው። ግን ያ አቅም የሚጎለብተው በሳምንታትና በወራት ነው፤ ተቅማጡና የሳንባ ምቹ ቀድመው ይደርሳሉ።

ከብት አርቢ ወገኖቼ፣ ጥጃዋ በተወለደች በ2 ሰዓት ውስጥ ትጥባ። መቆም ካቃታት እንገሩን አልባችሁ በጡጦ ስጧት፤ 30 ኪሎ ለምትመዝን ጥጃ 3 ሊትር ያህል ያስፈልጋታል።