የሚሸት ኮርቻ ፈረስን ገጣባ ያደርጋል

በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋማ ቀበሌዎች ፈረስ አርሶ አደሩን ገበያ፣ ሠርግና ለቅሶ ያደርሳል። ለበዓል ግላሱን እናሳምራለን፤ ከኮርቻው ሥር ያለውን፣ ላብ የደረቀበትን ጨርቅ ግን እንረሳለን። በወይራ ማጠን ሽታውን ቢሸፍን እንጂ ላቡን አያስለቅቅም። የደረቀ ላብና አቧራ ጀርባን ይፍቃል፤ የተገጠበ ፈረስ ደግሞ ቁስሉ እስኪድን ሥራ ይፈታል።

ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቃልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቆዳው ግን ፀሐይና እሳት ስለሚያሰነጥቁት በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ከዚያ በስሱ ሞራ ይታሽ። ልጓሙም ከጉዞ በኋላ በውኃ ይታጠብ። የቆዳ በሽታ በዕቃ ስለሚተላለፍ የተዋሱት ኮርቻ ሳይጸዳ አይጫን።

የወረዳ የእንስሳት ባለሙያዎችም ቀበሌ ሲወርዱ ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ኮርቻውንም ገልብጠው ሊያዩ ይገባል።