ባቄላው ለምን አልበስል አለ?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሳይንስ ትምህርት ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ግን ታገሱኝ።

ያደግሁት መተማ ቆላ ነው። ባለፈው ክረምት ደባርቅ ያለችው አክስቴ ጋ ሰንብቼ ነበር። ባቄላ ጥዳ ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልበስል አለ። «የደጋ ውሃ ሰነፍ ነው» አለችና ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነችበት። እኔ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል ብዬ ጽፌ ሙሉ ማርክ ያገኘሁ ልጅ ነኝ። መተማ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 98 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 2,850 ሜትር ግድም ላይ ያለችው ደባርቅ ግን ከ90 ብዙም አይዘልም። ድንጋዩ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ለማድረግ መሆኑ የገባኝ በማግስቱ ነው። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም።

እኛ 5ኛና 6ኛ ክፍል የተቀናጀ ሳይንስ ተማርን፤ 7ኛ ስንደርስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ተብሎ ተበጣጠሰ። ኮሌጅማ ሲገባ ነገሩ ሃንዳውት ሆነ። ላብራቶሪ ቢኖርም ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ተማሪው የሚጨነቀው ቁጥሩን ለማስመሰል ነው።

አማራጩ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ ደንቢያን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ገጠር ይልክ ነበር። ውሃው፣ ትንኙና በሽተኛው አብረው ይጠናሉ። ዳባት ላይም ዩኒቨርሲቲው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የነዋሪውን ልደትና ሞት የሚመዘግብ ጣቢያ አቋቁሟል። ስታትስቲክስ ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ እስቲ ንገሩኝ!

እርግጥ ሌክቸር ይጣል አልልም። ቀመሩን ባላውቅ ኖሮ ድንጋዩን አይቼ ዝም ብዬ ባለፍኩ። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው፤ ድስቱ ይቅደም፣ ቀመሩ ይከተል።

ለኛስ ምን ያደርጋል? በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል የወጡ ዜናዎችን ለክፍል ሥራ ሰብስቤ ነበር። ከኬንያ ስለመጣው ሄሊኮፕተር ሁሉም ጽፈዋል። ጓሳውና አስታው ለምን እንዲያ እንደተቀጣጠለ፣ ጭላዳውና ዋልያው ምን እንደሚበላ የጠየቀ ግን አላገኘሁም። የጻፉት እንደኔው ሙሉ ማርክ ያገኙ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስለዚህ ትምህርት ክፍላችን መንገዱ ሰላም ሲሆን ለአንድ ሳምንት ከባዮሎጂና ከጂኦግራፊ ተማሪዎች ጋር ቀላቅሎ ይላከን። ጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሊማሊሞን ቁልቁል ስንወርድ በአንድ ቀን ከገብስ ማሳ ማሽላ ማሳ እንደርሳለን። ቴርሞሜትር ከላብራቶሪ እንዋሳለን፣ ድስት አክስቴ አላት።