የቀዶ ሕክምና ነገ በካርትሪጅ አይለካም

የሕክምና መሣሪያ ገበያን የሚተነብዩ ሪፖርቶች ዜማቸው አንድ ነው። በእጅ የሚያዙ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ባትሪና ሴንሰር ይገጠምላቸዋል፣ አንዴ አገልግለው ይጣላሉ፣ ገበያውም ያድጋል። ያድግ ይሆናል። የሚያድገው ግን ሽያጩ ነው ወይስ ሕክምናው?

አንጀት የሚሰፋውን ስቴፕለር እንውሰድ። ሀንጋሪያዊው ሐኪም ሁመር ሁልትል እ.ኤ.አ. በ1908 ሲጠቀምበት ከባድ የብረት ማሽን ነበር። የዛሬው በተተኮሰ ቁጥር አዲስ ካርትሪጅ፣ ማለትም ስቴፕሎቹን የያዘ ማስገቢያ፣ ይፈልጋል፤ እጀታው ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ታካሚ በኋላ ቆሻሻ ነው። ቀዶ ሕክምናን ማፍጠኑን የሚክድ የለም። «መጣሉ ከኢንፌክሽን ይጠብቃል» የሚሉት ግን በወጉ ታጥቦ በእንፋሎት የጸዳ መሣሪያም እንደሚጠብቅ መናገር አይወዱም። ያ አይሸጥላቸውማ!

ዘመናዊ ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለትም አያስኬድም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2018 መጀመሪያ ድረስ ስለ ስቴፕለር ችግር ከ41,000 በላይ ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ 366ቱ የሞት ናቸው። ሪፖርት ብቻውን መሣሪያውን ጥፋተኛ አያደርግም። ሆኖም ተቆጣጣሪው በ2021 ጠበቅ ወዳለ ምድብ አዛወረው፤ እስከዚያ ድረስ የተመደበው ከፋሻ ጋር ነበር።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው፣ 5 ቢሊዮን ሰዎች ደህንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና አያገኙም። ካርትሪጅ ስለማይገዙ ከትንበያው ውጭ ናቸው።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ሐኪሙ ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ያቋቋሙት ሳይን የተባለ ድርጅት ለተሰበረ የእግር አጥንት ውስጡ የሚገባ ብረት ይሠራል። ብረቱን በብሎን ለማሰር ቀዳዳው መገኘት አለበት፤ ለዚህ የተለመደው ቀዶ እየተደረገ የሚያሳይ ውድ የኤክስሬይ ማሽን ነው። የሳይን ሐኪም ግን ከብረቱ ጋር በሚገጠም መምሪያና በቀጭን ቀዳዳ ፈላጊ፣ በእጁ ስሜት ያገኘዋል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪሞች ይሠሩበታል። መምሪያው ጸድቶ ለቀጣዩ ታካሚ ይውላል፤ ባትሪ የለው፣ ሶፍትዌር የለው። የሚያስፈልገው የሠለጠነ እጅ ነው፤ ትንበያዎቹ ሲዘነጉት የምናየውም እሱኑ ነው።

እንግዲህ የሆስፒታል ግዢ የምትፈርሙ ሰዎች፣ ሻጩ የእጀታውን ዋጋ ሲነግራችሁ የአምስት ዓመት የካርትሪጅ፣ የባትሪና የጥገና ወጪውን በጽሑፍ ጠይቁት። ካርትሪጁ የሚመጣው በዶላር ነው። አልነግርም ካለ አትፈርሙ።