ያለፈው ፈተና የማያልፍበት አገር

በለንደን ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጄ፥ ሴት ልጁ የጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ውጤቷን በተቀበለች ማግስት፥ በነሐሴ አጋማሽ ስልክ ደውሎ፥ «እንግዲህ ይህኛው አለፈ፤ የቀራት ያ ትልቁ ፈተና ብቻ ነው» አለኝ። ደስታውን ላለማደፍረስ ስል ለጊዜው ዝም አልሁ እንጂ፥ አነጋገሩ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው አነጋገር መሆኑን ወዲያው ተገነዘብሁ። እኛ የለመድነው ፈተና እንደ ወንዝ ነው፤ ከተሻገሩት በኋላ ጥልቀቱን የሚጠይቅ የለም። ሚኒስትሪ ዘጠነኛ ክፍል ያስገባል፤ ከገባን በኋላ ስንት እንዳመጣን የምታስታውስ እናታችን ብቻ ናት። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ቅርብ ዓመታት ይሰጥ የነበረው የዐሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም መሰናዶ የሚገባውን ሙያ ከሚማረው ለይቶ፥ ሥራውን ፈጽሞ ይሰናበት ነበር። ማትሪክ ሲመጣ ግን የቀደመው ሁሉ ተረስቶ፥ ሰው በዚያ በአንዱ ብቻ ይፈረድበታል።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ሌላ ነው። (ስለዚያ አገር ስናገር የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1951 የተጀመረውን ኦ ሌቭልን፥ ከእርሱም ጎን ዝቅ ላሉት ተማሪዎች ይሰጥ የነበረውን ሌላ ፈተና አንድ አድርጎ በመተካት በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ.፥ ልጆች በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው አብዛኛውን ጊዜ በስምንት፥ በዘጠኝ ወይም በዐሥር የትምህርት ዐይነት የሚቀመጡለት ፈተና ሲሆን፥ ከ2017 አንሥቶ ቀስ በቀስ ፊደሉ ቀርቶ ከ9 እስከ 1 በሚወርድ ቁጥር ይመዘናል። ወዳጄ «ትልቁ» ያለው ኤ ሌቭል ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፥ ብዙውን ጊዜ በሦስት ትምህርት ብቻ ይከተላል። ታዲያ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የማመልከቻቸውን በር የሚዘጉት ልጁ የመጨረሻውን ክፍል በጀመረ በጥቂት ሳምንት፥ በጥቅምት መግቢያ ነው፤ ቃለ መጠይቁ ከገና በፊት ያልቃል፥ ብያኔው በጥር ይሰማል፤ ኤ ሌቭል ግን የሚሰጠው በግንቦትና በሰኔ፥ ውጤቱም የሚወጣው በነሐሴ መግቢያ ነው። ስለዚህ መራጩ መምህር የአመልካቹን መዝገብ በሚገልጥበት ዕለት ትልቁ ፈተና ገና አልተጻፈም፤ ከአገር አቀፍ ፈተናዎች ወገን ተፈትኖ፥ ታርሞ፥ በማኅተም ጸንቶ በፊቱ የተቀመጠለት፥ ያ ወዳጄ «አለፈ» ያለው ብቻ ነው።

ይህ የብቸኝነት ክብር ግን ለጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ሁልጊዜ የተሰጠ አልነበረም። ቀድሞ በመካከለኛው ዓመት ኤ ኤስ የሚባል ፈተና ነበረ፤ ውጤቱም የኤ ሌቭል ግማሽ ሆኖ ይቈጠር ስለ ነበር ተማሪው በሙሉ ልቡ ይዘጋጅለት ነበር፤ ይልቁንም ካምብሪጅ የዚህን ፈተና ዝርዝር ነጥብ እንደ ታመነ ምስክር ይይዘው ነበር። መንግሥት ከ2015 ጀምሮ ኤ ኤስን ከኤ ሌቭል ሲነጥለው፥ ካምብሪጅ በግልጽ ተቃውሞ ሰሚ ስላጣ፥ በ2016 የራሱን የጽሑፍ ፈተና አወጣ፤ ከትምህርት ቤቶቹም ብዙዎቹ የማይቈጠረውን ፈተና ተዉት። ፈተና በዝቷል ብለው ያዘኑ አስተማሪዎች አንዱን ፈተና ባስቀሩ ጊዜ፥ የዐሥራ ስድስት ዓመቱን ውጤት ሸክም ማክበዳቸው መሆኑን ያስተዋሉት ጥቂቶች ናቸው።

ሸክሙ ምን ያህል ነው ለሚል ሰው መልሱ እንደ ኮሌጁና እንደ ትምህርቱ ይለያያል። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ለአብዛኛው ትምህርት ይህን ያህል 9 ያላመጣ አይምጣ የሚል ደንብ የላቸውም። ነገር ግን ለኦክስፎርድ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ያህል ስፍራ በቅርብ ዓመታት ከሃያ ሦስት ሺህ በላይ ሰው እያመለከተ፥ ደንብ የለም ማለት ሚዛን የለም ማለት አይደለም። በተለይ ሕክምና ለመማር የሚሻው፥ ለቃለ መጠይቅ ከሚጠሩት ወደ 425 ከሚጠጉ ሰዎች ወገን ለመሆን፥ የጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ቁጥሩ ከመግቢያ ፈተናው ነጥብ ጋር ጐን ለጐን ሲታይ ኖሯል። ኦክስፎርድ ቁጥሩን ብቻውን አያነብም፤ አመልካቹ ያመጣውን ውጤት በዚያው ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች በአማካይ ከሚያመጡት ጋር ያስተያያል፤ የሰፈሩን ኑሮና ልጁ በድኽነት ምክንያት በትምህርት ቤቱ በነጻ ምሳ የሚበላ መሆኑንም ከሚዛኑ ውስጥ ያገባል።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ አንባቢ እዚህ ላይ የቅኔ ቤትን ሥርዐት ሳያስታውስ አይቀርም። ቅኔ ፈላጊው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ይዞ፥ አገር አቋርጦ ከአዲስ የኔታ ጉባኤ ሲደርስ፥ ንባብ ቤት ሳለህ ስንተኛ ነበርህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ «የማን ተማሪ ነህ?» ይባላል እንጂ። ዋሸራ ነበርሁ ያለ እንደ ሆነ በቃሉ ብቻ ይከበራል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየዕለቱ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የሚቀኘው ቅኔ ራሱ ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል። ኦክስፎርድም ያንኑ የማን ተማሪነት ይጠይቃል፤ የጥያቄው አቅጣጫ ግን የተገለበጠ ነው። 9 እንደ ክረምት ዝናም ከሚወርድበት፥ ክፍያው ከብዙ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ከሚበልጥ ትምህርት ቤት ለመጣው ልጅ የትምህርት ቤቱ ስም ቁጥሩን ያቀልለታል፤ 9 በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ጅራታም ኮከብ ከሚታይበት ትምህርት ቤት ለመጣው ግን ያከብድለታል። እኔ ይህን አሠራር ከልቤ አመሰግናለሁ። ባለጠጎች ወላጆች በዚህ ተበደልን ሲሉ ስሰማም፥ ዋሸራ ተቀምጦ ቅኔ ያልሆነለት ተማሪ የመምህሩን ስም ሲያማርር የሰማሁ ያህል ይመስለኛል።

ቁጥሩን ብቻውን የማንበብ ስሕተት ከታላላቅ ሰዎችም አልጠፋም። በ2000 ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣች አንዲት ልጅ፥ በጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ዐሥር ባለ ኮከብ ኤ ይዛ፥ በመግደላዊት ማርያም ስም በተሰየመው የኦክስፎርድ ኮሌጅ ሕክምና ለመማር ብትጠይቅ ተቀባይነት ሳታገኝ ቀረች፤ በኋላም ሃርቫርድ ተቀበላት። የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ኮሌጁን በአደባባይ ወቀሰ፥ ጋዜጦችም ለሳምንታት ተከራከሩበት። ሚኒስትሩ ዐሥሩን ኤ እንደ ዘውድ ቈጠረው፤ ኮሌጁ ግን እንደ ደጃፍ ደረጃ፥ ረግጦት የማይወጣ ተወዳዳሪ እንደሌለ አድርጎ ቈጠረው። ኮሌጁ በዚያ ዘመን የትምህርት ቤትን አቅም ይመዝን በነበረበት ጥንቃቄ ላይ ብዙ ወቀሳ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን ለሕክምና የሚወዳደሩት እጅግ ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ውጤት ይዘው በሚቀርቡበት ደጃፍ ላይ፥ የቀድሞ ውጤት ሲጐድል ሊያስወጣ ይችላል፤ ሲሞላ ግን ብቻውን ሊያስገባ አይችልም።

አሁን ዋናውን ቅሬታዬን ልናገር። ሰዎች የልጅነት ውጤት ለምን ተቈጠረ እያሉ ሲያዝኑ፥ የማዝነው ስለ መቈጠሩ ሳይሆን የሚቈጠርበትን ምክንያት ስለ ፈጠረው የጊዜ ሰሌዳ ነው። አዝመራው ሳይታጨድ እህሉን ለመሸጥ ገበያ የወጣ ገበሬ፥ ከአምናው ጎተራ ጥቂት እፍኝ ይዞ ከማሳየት በቀር ምን ሌላ ማድረግ ይችላል? ከጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ጎን የሚቀርበው ሌላው ምስክር፥ ልጁ በኤ ሌቭል ይህን ያመጣል ተብሎ በመምህሩ የሚገመተው ውጤት ነው፤ ይህም ግምት ምን ያህል የሚታመን እንደ ሆነ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህርት ጂል ዋይነስ በ2016 ባወጡት ጥናት ሲመረምሩት፥ ግምቱ በትክክል የደረሰላቸው አመልካቾች 16 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የሚበዙት ከሚገባቸው በላይ ተገምተው ሳለ፥ ጐበዝ ሆነው ድኻ የሆኑት ግን ዝቅ ተደርገው የመገመት ዕድል ነበራቸው። መንግሥት በ2021 ምርጫው ከውጤት በኋላ ይሁን ወይ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ፤ በ2022 መጀመሪያም ነገሩን ተወው። ስለዚህ ግምቱን የማያምን መራጭ ወደ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ መዝገብ ቢመለስ አልፈርድበትም።

እኛስ ጋ ምርጫው ከውጤት በኋላ አይደለም ወይ የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ በዚህ በኩል የእኛው ሥርዐት ቅደም ተከተሉን አላፋለሰም። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ወንፊት ከማንገዋለል በቀር ሌላ ምስክር አያውቅምና፥ በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ፥ ልጁ ሰነፍ ይሁን ትምህርት ቤቱ ባዶ፥ ቁጥሩን አይቶ የሚለይ አልተገኘም።

በእንግሊዙ ሥርዐት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ በዐሥራ ሦስት፥ በዐሥራ አራት ዓመታቸው ቋንቋውን ሳያውቁ ከአዲስ አበባ ወይም ከአስመራ መጥተው፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተወላጆቹ ጋር አብረው የሚፈተኑት ልጆች ናቸው። ታሪክ ወይም ሥነ ሕይወት ላይ ያመጡት 5 የሚናገረው፥ እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደ ደረሱበት እንጂ ምን ያህል እንደሚያስቡ አይደለም። የወዳጄ ልጅም ከእነዚህ ወገን ናት፤ ስምንት ትምህርት ተፈትና ሦስት 9 እና ሦስት 8 ስታመጣ፥ በቀሩት በሁለቱ 6 አግኝታለች፤ የትምህርት ቤቷንም አማካይ ውጤት ለተመለከተ ይህ ከፍ ያለ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ በሌላ ቀን ደውዬ ስነግረው፥ ወዳጄ ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፥ «ታዲያ ይህን እነርሱ በምን ያውቁታል?» አለኝ። የትምህርት ቤቱን አማካይ ከመዝገብ ያገኙታል አልሁት፤ ልጅቱ በስንት ዓመቷ እንደ መጣችና በምን ቋንቋ እንደ ተማረች ግን መምህሯ ካልጻፈላት ላያስተውሉት ይችላሉ፤ መምህሩ ስለ አመልካቹ በሚልከው ጽሑፍ ውስጥ፥ ተማሪውን ያሰናከለ ልዩ ምክንያት ካለ የሚገለጥበት ራሱን የቻለ ክፍል ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተለይቶ ተቀምጧል። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ትምህርት ቤቷ እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ከመጣችበት አገር ያመጣችው የሰባተኛ ክፍል ካርድ ካርቶን ውስጥ እንዳለ፥ እርሱንም ለማስተርጐም ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠየቀኝ።

መ. ተ.