«ጎተተው» ማለት «ያቆመዋል» ማለት አይደለም

ጎሀ ጽዮን ላይ ሻይ እየጠጣን ነበር። አንድ ነጋዴ መጥቶ ሾፌሩን «ተሳቢው ላይ 50 ኩንታል ብቻ ልጨምርልህ፣ ምን ይሆናል?» አለው። ሾፌሩ ትንሽ አሰበ፣ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ተጫነ። ከዚያ ወደ አባይ በረሃ ወረድን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። ሾፌሩ እንደምንም ዳር ያዘ፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ አስገባ። «ትለምደዋለህ» አለኝ። እኔ ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

እኛ ጋ የመኪና አቅም የሚለካው በዳገት ነው። ከጎተተው፣ ቻለው እንላለን። ትልቁ ጥያቄ ግን ቁልቁለት ላይ ነው ያለው። ከጎሀ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ክብደቱ የሚፈጥረውን ጉልበት በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ካልያዙት፣ ሸክሙ ሁሉ የጎማ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጭነት በጨመረ ቁጥር ሙቀቱም ይጨምራል። ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡትም አይዝም።

ሂሳቡ ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ያልቃል። አምራቹ መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ በድምሩ ከስንት እንዳያልፍ ይወስናል። ለምሳሌ 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ነው እንበል። ባዶ መኪናው 100፣ የተጫነበት 140 ኩንታል ከሆነ፣ ለተሳቢው የሚቀረው 160 ነው። ባዶ ተሳቢው ራሱ 60 ኩንታል ቢመዝን፣ ሊጫንበት የሚችለው 100 ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ተሳቢው የራሱ ክብደት እንዳለው ይረሳና 160 ይጭናል። በዚያ ላይ ተሳቢው፣ አክስሉና ጎማው የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ከሁሉም ዳኛው ትንሹ ቁጥር ነው።

«የሾፌሩ ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። መንገዱ ግን የሁላችንም ነው። በመንገድ መሐንዲሶች የታወቀ ስሌት መሠረት፣ አክስል ላይ ያለው ክብደት 20 በመቶ ሲጨምር አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በእጥፍ ገደማ ያድጋል።

ሾፌሩን ብቻ መውቀስም ልክ አይመስለኝም። ክፍያው በኩንታል ነው፤ እሱ እምቢ ካለ ጭነቱን ሌላው ይወስደዋል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ትርፍ ሲገኝ ያሽከረከረው ብቻ ሳይሆን ያስጫነውም ይጠየቅ እላለሁ። «ምን ይሆናል?» ያለው ሰው እኮ አብሮን ቁልቁለቱን አልወረደም።

እናንተም ረዳት ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ዕቃ የምታስጭኑ አላችሁ። የመኪናውንና የተሳቢውን የክብደት ሰሌዳ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። «ትንሽ ጨምር» የሚል ሲመጣ አትከራከሩ፤ ቁጥሩን አሳዩት።